ጀነሬተሩ «ዘይት አነሰኝ» ብሎ ሲቆም

ኢርማ የተባለው ማዕበል የጆርጂያን ግዛት ያቋረጠው ሰኞ መስከረም 1 ቀን 2010 ዓ.ም.፣ እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 11 ቀን 2017፣ በእንቁጣጣሽ ዕለት ነበር። የአሜሪካ የአየር ትንበያ መሥሪያ ቤት ለአትላንታ ከተማ የትሮፒካል ማዕበል ማስጠንቀቂያ ሲያወጣ ያ በታሪክ የመጀመሪያው ነው። ማርታ የተባለው የከተማዋ የባቡርና የአውቶቡስ አገልግሎት በዚያ ቀን ተቋርጦ ዋለ፤ በግዛቲቱም ከ1 ሚሊዮን በላይ የኤሌክትሪክ ደንበኞች መብራት አጡ።

ከ7 ዓመት በኋላ ሄሊን የተባለው አውሎ ነፋስ ጆርጂያን ሲመታ ደግሞ ዕለቱ ዓርብ መስከረም 17 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ የመስቀል በዓል ነበር። በአትላንታ በ48 ሰዓት ውስጥ ከ280 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ወረደ፤ ይህም አዲስ አበባ በዓመት ከምታገኘው ዝናብ ሩብ ያህሉ ነው። የከፋው ጉዳት የደረሰው በግዛቲቱ ምሥራቃዊና ደቡባዊ ክፍል ሲሆን፣ በመላው ጆርጂያ መብራት ያጡት ደንበኞች ቍጥር አሁንም ከ1 ሚሊዮን በላይ ነበር።

ሁለቱ ማዕበሎች በሁለቱ በዓሎቻችን ላይ መዋላቸው ድንቅ ይመስላል እንጂ ምክንያቱ ግልጽ ነው። የአትላንቲክ ውቅያኖስ የአውሎ ነፋስ ወቅት ከጁን 1 እስከ ኖቬምበር 30 ይዘልቃል፤ ማዕበል የሚበረታበት ጊዜም ሴፕቴምበር 10 አካባቢ ነው። ይህ ቀን በእኛ አቈጣጠር የጳጉሜን መጨረሻ መሆኑን ልብ ይሏል። ስለዚህ በአሜሪካ ደቡብ ምሥራቅ የሚኖር ኢትዮጵያዊ ማቀዝቀዣውን በበዓል ሥጋ የሚሞላበት ሳምንትና መብራት የመጥፋት ዕድሉ የሚጨምርበት ሳምንት በየዓመቱ ይገጣጠማሉ። በ2017ቱ መስቀል በዓሉ ዓርብ ስለዋለ፣ ጾሙን የሚጠብቁ ቤተሰቦች የክትፎውን ሥጋ ለቅዳሜ በፍሪጅ አሳድረውት ነበር።

ቻምብሊ የዚህ ሁኔታ ጥሩ ማሳያ ናት። ከአትላንታ መሀል በስተሰሜን ምሥራቅ፣ በደካልብ ካውንቲ የምትገኝ ትንሽ ከተማ ስትሆን፣ ከብዙ አገር የመጡ ስደተኞች ሱቅና ምግብ ቤት የተደረደረበት ቡፎርድ ሀይዌይ ያቋርጣታል። እንደ መላው አትላንታ ሁሉ ቤቶቿ በረጃጅም የጥድና የወርካ መሰል የኦክ ዛፎች የተከበቡ ናቸው፤ የኤሌክትሪክ ሽቦውም በብዙ ሰፈር በእነዚሁ ዛፎች መካከል በአየር ላይ ያልፋል። መሬቱ በዝናብ ሲርስ ዛፍ ይወድቃል፤ ዛፉ ሲወድቅ ሽቦው ይበጠሳል። በዚያን ጊዜ በየግቢው ተንቀሳቃሽ ጀነሬተሮች ይነሣሉ።

ከዚያ በኋላ የሚያጋጥመው ነገር ብዙዎችን ግራ ያጋባል። ጀነሬተሩ ጥቂት ሰዓት ሠርቶ ድንገት ይቆማል፤ ወይም ገመዱ ሲሳብ አንዲት ቀይ መብራት ብልጭ ትልና ሞተሩ እምቢ ይላል። መብራቷ አጠገብ የዘይት ማንቆርቆሪያ ምስል ወይም ስለ ዘይት የሚገልጽ ጽሑፍ አለ። ይህ ጽሑፍ ያች መብራት ምን እንደምታውቅ፣ ምን እንደማታውቅ፣ ስትበራም ምን በምን ቅደም ተከተል መመርመር እንደሚገባ ያስረዳል።

መብራቷ የምታውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው

አብዛኞቹ የቤት ተንቀሳቃሽ ጀነሬተሮች ባለ አንድ ሲሊንደር፣ ባለ አራት ምት የቤንዚን ሞተር አላቸው። መኪና ውስጥ ዘይትን በግፊት ወደየክፍሉ የሚልክ ፓምፕ አለ፤ በእነዚህ ትናንሽ ሞተሮች ግን ብዙውን ጊዜ ፓምፕ የለም። በምትኩ ፒስተኑን ከክራንክሻፍቱ ጋር በሚያገናኘው ዘንግ፣ በየጋራዡ ቢየላ በሚባለው ክፍል ታችኛ ጫፍ ላይ፣ ማንኪያ የመሰለች ብረት ትገኛለች። ሞተሩ በዞረ ቍጥር ይህች ብረት ከታች የተጠራቀመውን ዘይት እየጨለፈች ወደ ላይ ትረጨዋለች። ሞተሩን የሚያለሰልሰው ይህ የዘይት ርጭት ነው።

ፓምፕ ከሌለ የሚለካ ግፊት የለም። ስለዚህ አምራቾች የመረጡት የዘይቱን ከፍታ መለካትን ነው። በሞተሩ የታችኛ ክፍል ውስጥ አንዲት ተንሳፋፊ ትቀመጣለች፤ አሠራሯም በጣሪያ ላይ በምናስቀምጠው የውኃ ሮቶ ውስጥ ካለችው ተንሳፋፊ ኳስ ጋር ይመሳሰላል። ዘይቱ በቂ ሲሆን ተንሳፋፊዋ ከፍ ትላለች፤ ሲያንስ ወደ ታች ትወርዳለች። በአብዛኞቹ ሞዴሎች ወደ ታች ስትወርድ የኤሌክትሪክ ንክኪ ይፈጠርና ከእሳት መስጫው ጥቅል፣ ማለትም ከቦቢናው፣ የሚመጣው ኃይል ወደ ሞተሩ ብረት አካል ይፈሳል። ካንዴላው ብልጭታ ያጣል፤ ሞተሩም ይቆማል።

እንግዲህ መብራቷ የምታውቀው በተተከለችበት ቦታ የዘይቱ ከፍታ ማነሱን ብቻ ነው። ዘይቱ አርጅቶ ቢጠቍር አታውቅም። ቤንዚን ገብቶበት ቢቀጥን አታውቅም። ማሽኑ በተዳፋት ላይ ስለቆመ ዘይቱ ወደ አንድ ጎን ሄዶ እንደሆነም አትለይም። የቀረውን ማወቅ የባለቤቱ ሥራ ነው።

አንድ ጥቃቅን የሚመስል ነገር ደግሞ እዚህ ላይ ይጨመር። ባትሪ በሌላቸው ሞዴሎች መብራቷ ኃይል የምታገኘው ሞተሩ ሲዞር ብቻ ነው። ስለዚህ ማሽኑ ቆሞ ሳለ ብትመለከቷት ጠፍታ ታገኟታላችሁ። አንድ ሰው ገመዱን ሲስብ ሌላው ዓይኑን መብራቷ ላይ ቢያሳርፍ ብልጭታውን ማየት ይቻላል። ይህን ያላወቁ ብዙዎች ካንዴላና ካርቡሬተር ሲፈቱ ይውላሉ።

ዘይቱ ይህን ያህል ፈጥኖ እንዴት ያንሳል?

መልሱ ቀላል ሒሳብ ነው። በአሜሪካ የኤሌክትሪኩ ድግግሞሽ 60 ኸርዝ በመሆኑ መደበኛ ጀነሬተር በደቂቃ 3,600 ጊዜ ይዞራል። ይህም በሰዓት 216,000፣ በአንድ ሙሉ ቀን ከ5 ሚሊዮን በላይ ዙር ማለት ነው። ኢንቨርተር የሚባሉት ዓይነቶች ፍጥነታቸውን እንደ ጭነቱ ስለሚቀንሱ ከዚህ ያነሰ ይዞራሉ።

የመኪና ሞተር አብዛኛውን ጊዜ ከ4 ሊትር ያላነሰ ዘይት ይይዛል። አነስተኛው የሆንዳ ኢዩ2200አይ ጀነሬተር የሚይዘው ግን 0.4 ሊትር ብቻ ነው፤ ተለቅ ያሉትም ቢሆኑ 1 ሊትር ገደማ ይይዛሉ። ጤነኛ ሞተርም ቢሆን ጥቂት ዘይት ያቃጥላል። ከ4 ሊትር ላይ 100 ሚሊ ሊትር ቢጐድል ማንም አያስተውለውም፤ ከ0.4 ሊትር ላይ ያው 100 ሚሊ ሊትር ሲጐድል ግን ሩቡ ሄደ ማለት ነው።

የብዙ አምራቾች መመሪያ አዲስ ማሽን የመጀመሪያ ዘይቱ ከ20 ሰዓት ሥራ በኋላ፣ ከዚያም በየ100 ሰዓቱ ወይም በየ6 ወሩ እንዲለወጥ ያዝዛል። በሰላም ጊዜ 100 ሰዓት የዓመታት ጉዳይ ነው። መብራት ጠፍቶ ማሽኑ ቀንና ሌሊት ሲሠራ ግን 100 ሰዓት ከአራት ቀን ጥቂት ይበልጣል። አንድ መኪና በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር እየሮጠ 100 ሰዓት ቢጓዝ 10,000 ኪሎ ሜትር ይሄዳል፤ የዚህን መኪና ዘይት ማንም ሳይለውጥ አይቀርም። በማዕበሉ ዋዜማ የተገዛ አዲስ ጀነሬተር ደግሞ የመጀመሪያ የዘይት ለውጡ አንድ ሙሉ ቀን ሳይሞላው ይደርሳል።

ከዚህ ሁሉ በፊት የሚመጣ ሌላ ምክንያት አለ። አብዛኞቹ አዳዲስ ጀነሬተሮች ከፋብሪካ የሚወጡት ያለ ዘይት ነው። ዘይቱ በትንሽ ጠርሙስ አብሮ በካርቶኑ ውስጥ ሊገኝ ይችላል፤ ወይም ለብቻው መገዛት ይኖርበታል። በጨለማ ካርቶን ከፍቶ፣ ቤንዚን ሞልቶ፣ ገመድ የሚስብ ሰው ሞተሩ እምቢ ሲለው ማሽኑ የተበላሸ ይመስለዋል። ማሽኑ ግን ያለ ዘይት አልነሣም በማለቱ ራሱን ከጥፋት አድኗል።

ምርመራው በቅደም ተከተል

የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንዲሉ፣ እዚህ ላይ ከችሎታ ይልቅ ትዕግሥት ይጠቅማል። እነሆ ቅደም ተከተሉ፦

1. ከጀነሬተሩ ጋር የተያያዙትን ዕቃዎች ሁሉ ይንቀሉ፤ ማብሪያ ማጥፊያውን ያጥፉ፤ የቤንዚን መዝጊያ ካለው ይዝጉ።

2. ሞተሩ እስኪበርድ ይጠብቁ። የጋለ ሞተር እጅን ያቃጥላል፤ በጋለ ሞተር ላይ የፈሰሰ ቤንዚንም እሳት ይፈጥራል። ዘይቱም ቢሆን ወደ ታች ወርዶ እስኪጠራቀም ጊዜ ይፈልጋል።

3. ማሽኑን ደልዳላ ቦታ ላይ ያቁሙ። የቻምብሊ ሰፈሮች ኮረብታማ በመሆናቸው በብዙ ቤቶች የመኪና መግቢያው ተዳፋት ነው። በተዳፋት ላይ የቆመ ማሽን በቂ ዘይት ይዞ «አነሰኝ» ሊል ይችላል፤ በተቃራኒው ደግሞ አንሶት ሳለ ዝም ሊል ይችላል። ሣር ላይ ከቆመም በሥራ ብዛት አንዱ እግሩ ሊሰምጥ ስለሚችል ከሥሩ ጠንካራ ጣውላ ማድረግ ይጠቅማል።

4. በዘይት መሙያው ዙሪያ ያለውን አፈር ይጥረጉ፤ ከዚያ በኋላ ክዳኑን ይክፈቱ። የገባ አሸዋ ከጐደለ ዘይት የማይተናነስ ጉዳት ያደርሳል።

5. የዘይት መለኪያ ዘንጉን በንጹሕ ጨርቅ ይጥረጉ፣ መልሰው ያስገቡ፣ አውጥተው ያንብቡ። በብዙ ሞተሮች ዘንጉ ሲለካ ዝም ብሎ ይገባል እንጂ አይጠበቅም፤ በሌሎች ደግሞ ጠብቆ ይለካል። ልዩነቱ ትንሽ ቢመስልም ንባቡን ያዛባል፤ ስለዚህ የማሽኑን መመሪያ መጽሐፍ ማየት ግድ ነው።

ዘንጉ የሚሰጣቸው ሦስት መልሶች

ዘንጉ ከሦስት መልሶች አንዱን ይሰጣል፤ እያንዳንዱም ወደተለየ መንገድ ይመራል።

*የመጀመሪያው፦ ዘይቱ አንሷል።* መመሪያው የሚያዝዘውን ዓይነት ዘይት ጥቂት በጥቂት እየጨመሩ፣ በየመካከሉ እየለኩ፣ እስከ ላይኛው ምልክት ድረስ ይሙሉ። ለመካከለኛ የአየር ጠባይ በብዛት የሚታዘዘው 10ደብሊው-30 የተባለው ነው። ከደብሊው በፊት ያለው ቍጥር ዘይቱ በብርድ ጊዜ ምን ያህል በቀላሉ እንደሚፈስ ሲያመለክት፣ ሁለተኛው ቍጥር ሞተሩ ሲግል ያለውን ውፍረት ይገልጻል።

መሙላት ግን የሥራው ግማሽ ነው፤ የቀረው ግማሽ ዘይቱ የት ሄደ ብሎ መጠየቅ ነው። ከማሽኑ ሥር የደረቀ ካርቶን አንጥፎ ማሳደር መፍሰሱን ያጋልጣል። ጠብታ ከታየ የማፍሰሻው ቡሎን፣ የመሙያው ክዳንና በሞተሩ ክፍሎች መጋጠሚያ ያለው ጓርኒሲዮን በተራ ይታዩ። ጠብታ ሳይኖር ከጭስ መውጫው ሰማያዊ ጭስ የሚወጣ ከሆነ ዘይቱ እየተቃጠለ ነው፤ የፒስተኑ ቀለበቶች ማለቃቸውን ወይም የቫልቭ ችግር መኖሩን ያመለክታል። ይህ የጋራዥ ሥራ ነው። ጠብታም ጭስም ከሌለ፣ ማሽኑም ለብዙ ሰዓት ሲሠራ ከነበረ፣ የተፈጥሮ ፍጆታ ነውና ከእንግዲህ ቤንዚን በተሞላ ቍጥር ዘይቱን መለካት ይበቃል።

*ሁለተኛው፦ ዘይቱ ከልክ በላይ ነው።* ይህ መልስ ብዙዎችን ያስገርማል፤ አደገኛውም እርሱ ነው። ማንም ሳይጨምርበት የጨመረ ዘይት ካለ ዘንጉን ወደ አፍንጫዎ ያቅርቡ። ቤንዚን የሚሸት ከሆነ በካርቡሬተሩ ውስጥ ያለችው መርፌ አልዘጋ ብላ ቤንዚኑ ወደ ሞተሩ የታችኛ ክፍል እየወረደ ነው። ቤንዚን የተቀላቀለበት ዘይት ቀጭን ነው፤ ብረትን ከብረት አይለይም። ተንሳፋፊዋ ግን ፈሳሽ መኖሩን እንጂ የፈሳሹን ጥራት ስለማታውቅ መብራቷ አትበራም። ይህ የገጠመው ሰው ማሽኑን ጨርሶ ማስነሣት የለበትም፤ መጀመሪያ ካርቡሬተሩ ይጠገን፣ ከዚያ ዘይቱ በሙሉ ተደፍቶ በአዲስ ይተካ። መከላከያው ማሽኑ በማይሠራበትና በሚጓጓዝበት ጊዜ የቤንዚን መዝጊያውን መዝጋት ነው።

ቤንዚን የማይሸት ከሆነ ደግሞ «አይነስ» በሚል ሥጋት ከልክ በላይ ተሞልቷል ማለት ነው። ትርፉ ዘይት አረፋ ይሠራል፤ ወደ አየር ማጣሪያው ይዘልቃል፤ ሞተሩንም ያጨሰዋል። እስከ ምልክቱ ድረስ ይቀነስ።

*ሦስተኛው፦ ዘይቱ ልክ ነው።* ማሽኑ ደልዳላ ቦታ ላይ ቆሞ፣ ዘንጉም ሙሉ መሆኑን እየመሰከረ መብራቷ ከበራች፣ ተጠርጣሪዋ ራሷ መብራቷ ወይም ተንሳፋፊዋ ናት።

ጥፋቱ የተንሳፋፊዋ ሲሆን

ተንሳፋፊዋ የምትሳሳተው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው ዝቃጭ ነው፦ ለዓመታት ያልተለወጠ ዘይት ከታች እንደ ጭቃ ይረጋና ተንሳፋፊዋን ወደ ላይ እንዳትወጣ ይይዛታል። ሁለተኛው ከእርሷ የሚወጣው ሽቦ ነው፦ ሽፋኑ በንዝረት ተልጦ የሞተሩን ብረት ከነካ፣ ዘይቱ ሙሉ ሆኖም ብልጭታው ይጠፋል።

ስለዚህ መጀመሪያ ሽቦውን ከሥሩ እስከ ጫፉ በዓይን መከተል ነው። ቀጥሎ ሞተሩ ለብ ሲል አሮጌውን ዘይት በሙሉ አፍስሶ በአዲስ መተካት ነው፤ ለብ ያለ ዘይት ዝቃጩን ይዞ ይወጣል። ብዙ ጊዜ ችግሩ እዚህ ላይ ያበቃል። የተደፋው ዘይት ወደ ጎርፍ መውረጃ መጣል የለበትም፤ በአሜሪካ ብዙ የመኪና መለዋወጫ መደብሮች አሮጌ ዘይት ይቀበላሉ።

ችግሩ ካላበቃ በመልቲሜትር ሊረጋገጥ ይችላል። ሞተሩ ቆሞ የተንሳፋፊዋ ሽቦ ከማያያዣው ይለያል፤ ከዚያም በሽቦውና በሞተሩ ብረት አካል መካከል ንክኪ መኖሩ ይለካል። በአብዛኞቹ ሞዴሎች ዘይቱ ሙሉ ሲሆን ንክኪ መኖር የለበትም። ዘይት ሞልቶ ንክኪ ከታየ ተንሳፋፊዋ ወይም ሽቦዋ ተበላሽታለች፤ መለወጥ አለባት። ንክኪ ካልታየ ግን ጥፋቱ ሌላ ቦታ ነው፤ ካንዴላው፣ ቤንዚኑ፣ ካርቡሬተሩ በተራ ይፈተሹ።

ሽቦውን ለይቶ ስለ መተው

እዚህ ላይ አንድ ፈተና ይመጣል። ሽቦውን ለይቶ የለካ ሰው ሽቦው ሳይያያዝ ሞተሩ ያለ ችግር እንደሚነሣ ይገነዘባል። መንገዱ ጨለማ፣ መደብሩ ዝግ፣ የቅርጫው ሥጋ በፍሪጅ ውስጥ ሲሆን «ለዛሬ እንዲሁ ይሥራ» ማለት ቀላል ነው።

ይህ ውሳኔ የሚያስከፍለውን ማወቅ ይገባል። ዘይት ያጣ ሞተር በደቂቃ 3,600 ጊዜ ሲዞር በቢየላውና በክራንክሻፍቱ መካከል ያለው ስስ የዘይት ሽፋን ይጠፋል፤ ብረት ከብረት ይፋተጋል፤ ይግላል፤ በመጨረሻም ይጣበቃል። የተሰበረ ቢየላ የሞተሩን ግድግዳ በስቶ እስከ መውጣት ይደርሳል። በጥቂት ብር በሚገዛ ዘይት መዳን የሚችል ማሽን በዚህ ሁኔታ ከጥገና ውጭ ይሆናል፤ መብራቱም ገና አልመጣ ይሆናል።

ደግሞም ለመቸኰል ያን ያህል ምክንያት የለም። የአሜሪካ የግብርና ሚኒስቴር የምግብ ደኅንነት መመሪያ እንደሚለው በሩ ያልተከፈተ ፍሪጅ ለ4 ሰዓት ያህል ቅዝቃዜውን ይጠብቃል፤ ሙሉ የሆነ ማቀዝቀዣ፣ ማለትም ፍሪዘር፣ ለ48 ሰዓት፣ ግማሽ የሆነው ለ24 ሰዓት በረዶውን ይይዛል። በበዓል ሰሞን ፍሪዘሩ ሙሉ መሆኑ እዚህ ላይ ይጠቅማል። ዘይት ለመፈለግ፣ ሞተሩ እስኪበርድ ለመጠበቅና በጥንቃቄ ለመለካት በቂ ጊዜ አለ። ጀነሬተሩንም ቢሆን ቀንና ሌሊት ማሠራት አያስፈልግም፤ በየመካከሉ ለተወሰነ ሰዓት ማሠራት ማቀዝቀዣውን ያቆያል፤ ቤንዚንና ዘይትም ይቆጥባል።

ሌላው ቀይ መብራት

እስካሁን የተነገረው ስለ ገንዘብና ስለ ማሽን ነው። ከዚህ ቀጥሎ ያለው ስለ ሕይወት ነው።

ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በአሜሪካ የሚሸጡ ብዙ ጀነሬተሮች ሁለተኛ ጠቋሚ ተጨምሮላቸዋል። ይህኛው የሚለካው ዘይት ሳይሆን በማሽኑ ዙሪያ የተጠራቀመውን ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው። መርዙ ከልክ ሲያልፍ ሞተሩን ያጠፋል፤ ቀይ መብራትም ያበራል። እንግዲህ በአንድ ማሽን ላይ ሞተር የሚያጠፉ ሁለት ጠቋሚዎች አሉ፤ ሁለቱም መብራት አላቸው፤ ሁለቱም ባለቤቱን የሚያገኙት ሲደክመውና ሲቸኩል ነው።

በመርዙ ምክንያት የቆመን ማሽን «ዘይት አንሶት ነው» ብሎ ዘይት ጨምሮ በዚያው ቦታ መልሶ ማስነሣት ቤተሰብን ለሞት ሊያጋልጥ ይችላል። ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም። ራስ ምታት፣ ማዞርና ማቅለሽለሽ ያስከትላል፤ የተኛ ሰው ግን ምልክቱን ሳያውቅ ሊሞት ይችላል። የአሜሪካ የሸማቾች ምርቶች ደኅንነት ኮሚሽን እንደሚገልጸው በዚያች አገር በተንቀሳቃሽ ጀነሬተር ካርቦን ሞኖክሳይድ በየዓመቱ 100 ያህል ሰዎች ይሞታሉ።

ስለዚህ ማሽኑ ሲቆም የመጀመሪያው ጥያቄ «የትኛው መብራት ነው የበራው?» የሚል መሆን አለበት። የመርዙ መብራት ከሆነ ወደ ማሽኑ ከመሄድ በፊት ቤት ውስጥ ያሉት ሁሉ ወደ ንጹሕ አየር ይውጡ፤ የታመመ ካለ የድንገተኛ አደጋ አገልግሎት ይጠራ። ከዚያ በኋላ ማሽኑ ከቤቱ ይራቅ። ጀነሬተር በቤት፣ በጋራዥ፣ በሰገነት ወይም በመስኮት ሥር አይሠራም፤ ከበርና ከመስኮት ቢያንስ 6 ሜትር ርቆ፣ የጭስ መውጫው ወደ ውጭ ዞሮ መቀመጥ አለበት። የጋራዡ በር ተከፍቷል ማለት መከላከያ አይሆንም። ይኸው ጥንቃቄ መብራት ሲጠፋ ቡና ለማፍላት በቤት ውስጥ የሚቀጣጠለውን ከሰልም ይመለከታል፤ ከሰልም ያንኑ መርዝ ያወጣልና።

በአገር ቤት ላላችሁ

በኢትዮጵያ ጀነሬተር የማዕበል ቀን ዕቃ ብቻ አይደለም። በግንቦት 2011 ዓ.ም. የግልገል ጊቤ ሦስት ግድብ ውኃ በማነሱ ኤሌክትሪክ በፈረቃ በታደለ ጊዜ፣ ሱቆችና ጸጉር ቤቶች ሥራቸውን የቀጠሉት በዚሁ ማሽን ነበር። ከላይ የተዘረዘረው ምርመራ በአገር ቤትም ሳይለወጥ ይሠራል። ሁለት ልዩነቶች ግን አሉ።

የመጀመሪያው ፍጥነቱ ነው። የኢትዮጵያ መስመር 220 ቮልትና 50 ኸርዝ ስለሆነ ማሽኑ የሚዞረው በደቂቃ 3,000 ጊዜ ነው። በአሜሪካ የተገዛ ባለ 120 ቮልት ጀነሬተር ወደ አገር ቤት ለመላክ የሚያስብ ሰው ይህን ልዩነት አስቀድሞ ማወቅ ይኖርበታል።

ሁለተኛው ከፍታው ነው። ቻምብሊ ከባሕር ወለል በላይ 300 ሜትር ገደማ ላይ ስትሆን አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። በከፍታ ቦታ አየሩ ስስ ስለሆነ፣ የአምራቾች መመሪያ እንደሚያመለክተው፣ የሞተር ጉልበት በየ300 ሜትሩ 3.5 በመቶ ያህል ይቀንሳል፤ በአዲስ አበባ ይህ ከሩብ በላይ ነው። ከዘይት ጋር የሚያያዘው ደግሞ ይህ ነው፦ ለዝቅተኛ ቦታ የተስተካከለ ካርቡሬተር በስስ አየር ውስጥ ከሚገባው በላይ ቤንዚን ይሰጣል። ያልተቃጠለው ቤንዚን ካንዴላውን ያጠቍራል፤ የሲሊንደሩን ግድግዳ አጥቦም ወደ ዘይቱ ሊወርድ ይችላል። በደጋ የሚሠራ ማሽን ዘይቱ ቤንዚን መሽተቱን ዘወትር መፈተሽ፣ ካርቡሬተሩንም በባለሙያ ለከፍታው ማስተካከል ይገባል።

ጳጉሜን ለጀነሬተሩ

ሳይቃጠል በቅጠል የሚለው ብሂል እዚህ ላይ በትክክል ይሠራል። በጳጉሜን ቤት ይጸዳል፤ አሮጌው ዓመት ይሸኛል። የአውሎ ነፋሱ ወቅት የሚበረታውም በእነዚያው ቀናት ስለሆነ፣ ከቤት ማጽዳቱ ጋር ለጀነሬተሩ አንድ ሰዓት መመደብ ብልህነት ነው። ማሽኑን ደልዳላ ቦታ ላይ አቁሞ ዘይቱን መለካት፤ 6 ወር ካለፈው መለወጥ፤ ትክክለኛው ዓይነት ዘይት ያለባቸው ሁለት ጠርሙሶች በአጠገቡ ማስቀመጥ፤ በደጅ ለሩብ ሰዓት ያህል ጭነት ሰጥቶ ማሠራት፤ የዘይቱ መብራትና የመርዙ መብራት የትኛው የት እንዳለ ለቤተሰቡ ሁሉ ማሳየት። በማሽኑ ላይ በተለጠፈ ወረቀት የሠራበትን ሰዓትና ዘይት የተለወጠበትን ቀን መጻፍም መልካም ልማድ ነው።

ጀነሬተሩ ራሱን ሲያጠፋ ብዙዎች የሚናደዱት ከዳን ብለው ነው። እውነቱ ተቃራኒው ነው፤ ራሱን ያጠፋ ማሽን ነገም ሊነሣ የሚችል ማሽን ነው። ከባለቤቱ የሚፈልገውም ደልዳላ መሬት፣ ንጹሕ ጨርቅ፣ አንድ ጠርሙስ ዘይትና ጥቂት ትዕግሥት ነው።